በፎጣ ስር የተገመተችው ሞተር

አባቱ ሞቶበት ያላለቀሰ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን ተዋወቁኝ። ናቢል እባላለሁ፤ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ታይዋን ገበያ ውስጥ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ። አባቴ የሞተው ባለፈው የሙቀት ወራት ነው። «ጨጓራ ነው፣ ያልፋል» ሲል ከርሞ፣ ሆስፒታል በገባ በሳምንቱ አረፈ። አጠብነው፣ ከፈንነው፣ ቀበርነው። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። እኔ ወንበር እደረድራለሁ፣ ውሃ አቀርባለሁ፣ «አላህ ይዘንለት» ሲሉኝ «አሚን» እላለሁ። ውስጤ ግን ምንም የለም። ጥርስ ሊነቀልላችሁ ማደንዘዣ ስትወጉ ከንፈራችሁን በጣታችሁ ስትነኩት የሌላ ሰው ከንፈር አይመስላችሁም? እኔ እንደዚያ ሁለመናዬ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

አባቴ የከብት ደላላ ነበር። ከግመል እስከ ፍየል ያላሻሻጠው እንስሳ የለም፤ የራሱ የሆነ ግን አንድም አልነበረውም። ቤታችን የቀበሌ ነው። ስለዚህ ትቶልን የሄደው ንብረት አንዲት ሞተር ብስክሌት ብቻ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ቀይ ነበረች ይባላል፤ እኔ ሳውቃት ግን ፀሐይ የመታው በርበሬ መስላ ነው። ወንበሯ ሲቀደድ አባቴ በፍየል ቆዳ ሰፍቶታል፤ ከኋላዋ ፍየል የሚያስርባት የጎማ ገመድ ተንጠልጥሏል። በእግር ተመትታ ነው የምትነሳው፤ እሷም ደስ ሲላት።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። አባቴ ሁለት ቤት ነበረው። አንዱ ድሬ፣ የእኛ ቤት፤ ሌላው ከከተማው ውጪ ሐርላ፣ የመጀመሪያ ሚስቱ ቤት። ይሄ ምስጢር አልነበረም። ሐሙስ ከሰዓት ሞተሯን አስነስቶ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል። እናቴ ሞተሯ ስትነሳ ድምጿን ትሰማና ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ስትመለስ ድምጿን ትሰማና ሻይ ትጥዳለች። ከዚህ ውጪ ቤታችን ውስጥ የሐርላ ስም አይነሳም።

ሐርላ ወንድም አለኝ፤ ጀማል ይባላል። ታላቄ ነው፤ እሱም እንደ አባቴ ከብት ገበያ ነው የሚውለው። እስከ ቀብሩ ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። በቀብሩ ላይ እሱ ሲንሰቀሰቅ እኔ ደረቅ ዓይኔን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሰው እሱን ይደግፋል፣ እኔን ይገላምጣል። እውነት ለመናገር መገላመጡም አልተሰማኝም።

የለቅሶው ሰሞን እንዳለፈ ሐጂ ሙሜ ቤታችን መጣ። «መጣ» በማለቴ አትቀየሙኝ፤ የድሬ ሰው አንቱታ ላይ የለበትም፣ ሽማግሌውንም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። ሐጂ ሙሜ የአባቴ የገበያ ጓደኛ ነው። በጉልበቱ ዘመን የግመል ደላላ ነበር፤ አሁን ሰው ውርስ ሲከፋፈል እሱን ነው የሚጠራው።

«ወራሾቹ ሁለት እናቶችና ሁለት ወንድ ልጆች ናችሁ» አለ፣ ሻዩን እያማሰለ። «ሞተር እንደ ፍየል ታርዶ መደብ በመደብ አይከፋፈልም። ይገመታል። ከዚያ ወይ ይሸጣል፣ ወይ አንዳችሁ የሌላውን ድርሻ ሰጥታችሁ ትወስዳላችሁ። ጀማል እኔ ልውሰዳት ብሏል።»

እናቴ ሐጂ ሙሜ ወጥቶ በሩን እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ናቢሌ» አለችኝ። «ለማንም ሽጣት። ከፈለግክ ለቁራሌው ስጣት። ሞተሯ ግን ወደዚያ ቤት እንዳትሄድ። ዕድሜዬን ሙሉ ድምጿ ወደዚያ ሲሄድ ሰማሁ፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ ሄዳ ልትቀር?»

«እሺ፣ እማ።»

«ቃልህን ስጠኝ።»

«ቃሌ ነው።»

ቃሌን የሰጠሁት ለደንበኛ መልስ እንደምሰጥ ነው። ከባድ ነገር መሆኑን አውቀዋለሁ፤ ክብደቱ ግን እጄ ላይ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሯን ታይዋን አካባቢ ለሚሠራ ታምራት ለሚባል የሞተር ደላላ ወሰድኩለት። ታምራት ዞራት። ማርሚታዋን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ፣ ካቴናዋን ሳብ አደረገ፣ አስነስቶ ጆሮውን አዘነበለ።

«ሊብሬ አላት?»

«አላት፣ በአባቴ ስም።»

«አቦ አባትህ ይቺን ነው እስካሁን የሚነዳው? ዛሬ ሰው የሚፈልገው በኤሌክትሪክ የሚሞላውን ነው። የቤንዚኑን ወረፋ አታይም? ይቺ በቁመናዋ አትሸጥም፤ ተፈትታ ነው የምትሸጠው። ጎማዋ ለአንዱ፣ ሞተሯ ለአንዱ፣ የቀረው በኪሎ ለቁራሌው።» ከዚያ ዋጋ ጠራ።

«እሺ» አልኩት።

ታምራት ቀና አለ። «እሺ ምን?»

«እሺ፣ ውሰዳት።»

«ወርያ! ምን ሆነሃል? ዋጋዋን ረግጬ የጠራሁት እኮ አንተ ጨምር እንድትለኝ ነው።»

«አንተ ያልከው ይሁን።»

ድሬ ውስጥ ያለ ክርክር የሚሸጥ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ አእምሮው ተነክቷል። ታምራት እጁን ከመሪዋ ላይ አነሳ።

«የተሰረቀች ናት?»

«የአባቴ ናት አልኩህ።»

«አባትህስ የት አለ?»

«ሞቷል።»

ሰዓት ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው ነው የመለስኩት። ታምራት ሲናገር ድምፁ ወርዶ ነበር። «ነፍስ ይማር። ስማኝ ወንድሜ፣ ወራሾቹን በሙሉ ይዘህ ና። እንዳንተ ሆኖ ከሚሸጥ ሰው አልገዛም። ዛሬ ገንዘቡን ተቀብለህ ትሄዳለህ፤ ነገ ስትነቃ ግን መጥተህ የምታንቀው የእኔን ጉሮሮ ነው።»

ሞተሯን እየገፋሁ ሱቄ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ሙሜ ነበር።

«ሞተሯን ለደላላ ወስደሃታል አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«ድሬ ነገረችኝ። ስማ፣ ወራሽ እያለ ለባዳ አይሸጥም። አባትህ ስንት ሰው ያስታረቀበት ከብት ገበያ አለ፤ ከሰዓት እዚያ አምጣት። ጀማልም ይመጣል።»

እንዲህ አድርጌ ነው ከሸሸሁት ነገር ጋር የተፋጠጥኩት። ያለኝ መላ አንድ ብቻ ነበር፦ ዋጋውን ጀማል ከማይደርስበት ቦታ መስቀል። ከአቅሙ በላይ ካደረግኩበት ይተዋታል፤ እኔም ቃሌን ሳላጥፍ ለሌላ እሸጣታለሁ።

ከሰዓት ፀሐዩ ትንሽ ሲበርድ የደቻቱን ወንዝ ልሻገር ወጣሁ። አሸዋው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ድልድዩ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትንሽ ልጅ ሆኜ አባቴ በእግር ሲያሻግረኝ እጄን ይይዝና እንደ ገበያ ይገምተኝ ነበር። የከብት ደላሎች ዋጋ በአፍ አይነጋገሩም፤ ሻጭና ገዢ እጃቸውን በፎጣ ሸፍነው በጣት ነው የሚጨራረሱት። ጣት መያዝ ቁጥር ነው። አባቴም አንድ ጣቴን ጭብጥ ያደርግና «ይሄን ልጅ በዚህ ልሽጠው?» ይለኛል። እኔ እየሳቅኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሁለት ጣቴን ይይዛል፤ እነቀንቃለሁ። ሦስት ይይዛል፤ እነቀንቃለሁ። በመጨረሻ መላ እጄን በቡጢው ውስጥ ይዘጋና ሁለቴ ጠበቅ ጠበቅ ያደርገዋል። ገበያ ላይ ሻጭ የገዢን እጅ እንደዚያ ከዘጋ «አይሸጥም፣ ዋጋም አልሰማ» ማለት ነው። ያ ጨዋታ በዓለም ላይ የእኔና የአባቴ ብቻ ነበር።

ይሄ ሁሉ ትዝ አለኝ። ትዝ አለኝና ድልድዩን ጨርሼ ሄድኩ። ምንም አልተሰማኝም።

ገበያው እየተበተነ ነበር። ሐጂ ሙሜ አንድ ግራር ስር ቆሟል። ጀማል አጠገቡ በትሩን ተደግፎ ሞተሯን ከሩቅ ጀምሮ በዓይኑ ተቀበላት። እኔን ሳይሆን እሷን።

ሐጂ ሙሜ ሞተሯን የገመታት ግመል እንደሚገምት ነው። በእርጋታ ዞራት። የፊት ጎማዋን እንደ ጉልበት ደባበሰ። የፍየል ቆዳውን ወንበር በመዳፉ ጠረገ። «እስከዚያ ዳገት ንዳና ተመለስ» አለኝ፤ ነድቼ ተመለስኩ። «አንተ ደግሞ» አለው ጀማልን፤ እሱም ነድቶ ተመለሰ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ድምጿን ያዳምጥ ነበር።

«ሳንባዋ ደህና ነው» አለ በመጨረሻ። «እግሯ ደክሟል። ስሟ ግን በዚህ ገበያ ላይ የታወቀ ነው። ከዚህ በላይ የእኔ ሥራ አይደለም። ናቢል፣ አንተ ዘንድ ስላለች ሻጭ ነህ። ጀማል ገዢ ነው። ሰው ፊት በአፍ ከተከራከራችሁ ነገ ሰው ያወራዋል፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ስስቱን ማየት ደግሞ ጥሩ አይደለም። እጃችሁን አምጡ።»

ከትከሻው ላይ ፎጣውን አውርዶ በእጆቻችን ላይ ጣለው።

የጀማል እጅ ሻካራ ነበር። አመልካች ጣቴን ያዘ። አንድ። ታምራት ከጠራው በታች ነው፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ጨመረ። ነቀነቅኩ። አሁንም ጨመረ፤ ከታምራት አለፈ። በዙሪያችን የቆሙት ደላሎች በገበያው ሥርዓት ፊታቸውን አዙረው ስለ ዝናብ ያወራሉ። እኔ በጀማል ጣቶች ላይ የራሴን ዋጋ ጠራሁ፤ እብድ ዋጋ ነው፤ በዚያ አዲስ ሞተር ይገዛል። ጀማል በጥያቄ አየኝና ወደኔው ዋጋ ትንሽ ጠጋ አለ። ልቤ ትንሽ ደነገጠ፤ ሰውዬው ከየት ሊያመጣው ነው? እንደገና ሰቀልኩበት። ላቡ መዳፌን አረጠበው። ዓይኑን ፎጣው ላይ ተክሎ ቆየ፣ ቆየ። ተስፋ ቆረጠ፣ ቃሌን ጠበቅኩ አልኩ በልቤ።

ያኔ ነው ጣቶቼን አንድ በአንድ ያጠፋቸው። መላ እጄን በቡጢው ውስጥ ዘጋው። ሁለቴ ጠበቅ፣ ጠበቅ።

መጀመሪያ የመሰለኝ ተሳስቷል ነው። እጅ የሚዘጋ ሻጭ ነው፤ ሊገዛ የመጣ ሰው «አይሸጥም» ይላል እንዴ? ቀና ብዬ አየሁት። ዋጋ የሚጠብቅ ሰው ፊት አልነበረም። እጁ በእጄ ላይ እንደተዘጋ ነው፤ አያያዙ፣ አውራ ጣቱ በላይ በኩል የሚያርፍበት ቦታ ሳይቀር የአባቴ ነው። ደቻቱ ድልድይ ላይ ሳይሰማኝ ያለፈው ነገር በሙሉ በዚያች እጅ በኩል መጣ።

አለቀስኩ። እንዴት አድርጌ እንዳለቀስኩ ብነግራችሁ አፍራለሁ። ሐጂ ሙሜ ደገፈኝ። አንዱ ደላላ «ዋጋው ቢጎዳው ነው» ሲል ሰማሁ።

«አንተንም ይገምትህ ነበር?» አልኩት ጀማልን፣ መናገር ስችል።

«እኔንም። እዚሁ ገበያ ላይ፣ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ» አለ። የእሱም ዓይን ፈስሷል። «የእኔ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ጥሪህን ስትሰቅል ለገንዘቡ እንዳልሆነ ገባኝ። አቦ፣ አባቴ ይሄኛውንም እንዲህ ገምቶት ከሆነ ጭብጡን ያውቀዋል ብዬ ሞከርኩህ።»

«ባላውቀውስ?»

«ባታውቀው በሬዬን ሸጬ እገዛት ነበር፤ ወላሂ።»

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ። ለካ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። ግን አልዋሻችሁም፣ ቅናትም ነበረበት። የእኔ ብቻ የነበረው ጨዋታ በዚያች ሰዓት ግማሹ ከእጄ ሄዷል።

«ተስማማችሁ?» አለ ሐጂ ሙሜ።

«ተስማማን» አለ ጀማል። «ሞተሯ አትሸጥም። ድሬ እሱ ዘንድ ትሁን። ሐሙስ ሐሙስ ይዟት ይምጣ፤ ጁምዓን አብረን ሰግደን ቅዳሜ ይመለስ። የእኔን እናት እኔ አስፈቅዳለሁ፤ የእሱን እናት እሱ ያስፈቅድ።»

ሐጂ ሙሜ ፎጣውን አራግፎ ትከሻው ላይ መለሰው። በፎጣ ስር የተባለው እዚያው ይቀራል፤ እሱም አልጠየቀን።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ቃሌ አሁን ገና ከበደኝ። ያቺን የሐሙስ ድምፅ ከእናቴ ጆሮ ላወጣላት ሄጄ ለዘላለም ይዤባት መመለሴ ነው።

ደጃፍ ላይ ሳጠፋት ከውስጥ የሻይ ድስት ተጥዷል። እናቴ ድምጿን ሰምታ በልማድ ጥዳው፣ ራሷ ደንግጣ ቆማ ነው ያገኘኋት።

«አልሸጥካትም።»

«አልሸጥኳትም።»

«ስንት ገመቷት?»

እጇን ያዝኩና ጣቶቿን አጥፌ በቡጢዬ ውስጥ ዘጋሁት። ሁለቴ ጠበቅ አደረግኩት። እናቴ እጇን አልሳበችም። ሻዩ ፈልቶ እስኪገነፍል ድረስ እዚያው ቆመን ነበር።

«ይሄን ማን አሳየህ?»

«አባ። ዛሬ ደግሞ ጀማል።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «እኔን በሰርጋችን ሰሞን ነው። ይቺን ልጅ በስንት ልስጣት እያለ ያስቀኝ ነበር። እንግዲህ ለዚያኛዋም አድርጎላት ነው።»

«እማ፣ ቃሌን...»

«ተወኝ ናቢል።» እጇን እጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች። ከዚያ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም፣ «ሁላችንንም አልሸጠንም» አለች።

እሺም እምቢም አላለችኝም። በቀጣዮቹ ቀናት እኔም አልጠየቅኳትም፤ ምክንያቱም ለቅሶ ስጀምር የማላቆም ሰው ሆኜ ነበር። ሱቅ ውስጥ ቻርጀር እየሸጥኩ አለቅስ ነበር። አንዲት ደንበኛ በዋጋ ተከራክራኝ ሳለቅስ አይታ የጠራሁትን ከፍላ ሄደች።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ዓይኑ የደረቀ ሰው ካያችሁ አትገላምጡት። ልቡ ድንጋይ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ የሞተው ሰው የነካው ቦታ ገና ሳይነካ ቀርቶ ይሆናል። እኔን በዚያ ድንኳን ውስጥ ያልጨበጠኝ ሰው አልነበረም። ጨብጠውኝ ይሄዳሉ። እጄን ይዞ የቆየ ግን የለም፤ የያዘኝ ደግሞ ልበልጠው የሄድኩት ሰው ሆነ። ውርስ ስትከፋፈሉም ዕቃውን ለመገመት አትቸኩሉ። ታምራት በእኛ ሞተር ላይ አልተሳሳተም፤ ገበያው ከዚያ በላይ አይሰጣትም። ስንት ነበር ያላችሁት ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን አልነግራችሁም።

ሐሙስ መጣ። ከሰዓት ልብሴን ቀይሬ ሞተሯን ወደ ደጅ አወጣኋት። እናቴ እንደ ወትሮው ወደ ጓዳ ስትገባ አየሁ፤ አንገቴን ደፋሁና መርገጫዋን በእግሬ መታሁ። አልነሳም አለች። ደግሜ ስመታ እናቴ በላስቲክ የተቋጠረ ቴምር ይዛ ከጓዳ ወጣች። ከኋላ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ አባቴ ፍየል በሚያስርበት የጎማ ገመድ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

«ለማን ነው?» አልኳት እንደ ሞኝ።

«ለጀማል እናት። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም።»

ሦስተኛው ላይ ሞተሯ ተነሳች። እናቴ ወደ ውስጥ አልገባችም። መታጠፊያው ላይ ደርሼ ስዞር አሁንም ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።